ለጭንቀትና ለድባቴ እርጎ፣ ስልጆ ወይስ የፕሮባዮቲክ ክኒን? ለባሕር ዳር ሰው የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ሰው ሲጨንቀው መካሪ አያጣም። እናት "እርጎ ጠጣ" ትላለች። የሥራ ባልደረባ ቴሌግራም ላይ ያየውን የፕሮባዮቲክ፣ ማለትም በሕይወት ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የያዘ፣ ክኒን ያሳያል። ጎረቤት "ጨጓራህ ነው" ብሎ እሱ የዳነበትን መድኃኒት ስም ይነግራል። "አንድ ብርሌ ጠጅ ይበቃሃል" የሚልም አለ። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአእምሮ ጋር ግንኙነት አላቸው የሚለው ወሬ ደግሞ አሁን ሁሉም ጆሮ ደርሷል።

ወሬው መሠረት አለው። ጥያቄው ያንን ይዘን ብራችንንና ተስፋችንን የት ላይ እናውለው ነው። ኑሮው እንዲህ በከበደበት፣ እንቅልፍ ብርቅ በሆነበት ጊዜ፣ የተጨነቀ ሰው በማይረዳው ነገር ገንዘቡን ሲጨርስ ማየት ያሳዝናል። የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ በእርጎ ተስፋ ሕክምናውን ሲያዘገይ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሳይንሱ የት ደርሷል?

አንጀትና አንጎል የሚገናኙት በብዙ መንገድ ነው። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ሆድ ይወርዳል። በእሱ ላይ ከሚመላለሰው መልእክት አብዛኛው የሚሄደው ከሆድ ወደ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹም እኛ መፍጨት ያቃተንን የምግብ አሰር አብላልተው ቡቲሬትን የመሰሉ አሲዶች ይሠራሉ። እነዚህ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ፤ የሰውነት መከላከያም ያለልክ እንዳይቆጣ ያግዛሉ። ውጥረት ሲበረታ ደግሞ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ያኔ የአንጀት እንቅስቃሴ ይዛባል፣ የባክቴሪያዎቹም ስብጥር ይለወጣል። ፈተና ሲደርስ ሆዱን ባር ባር የሚለው፣ መጥፎ ዜና ሲሰማ ወደ ሽንት ቤት የሚሮጥ ሰው ይህን በራሱ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በእ.ኤ.አ. ናቸው) የጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ያደጉ አይጦችን አስጨንቀው አዩ። የአይጦቹ የጭንቀት ሆርሞን ከሌሎቹ እጅግ ከፍ አለ። በልጅነታቸው አንድ የቢፊዶባክቴሪየም ዓይነት ሲሰጣቸው ግን ረገበ። በ2011 ደግሞ የአየርላንዱ ኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሰዎች ጄቢ-1 የተባለ የላክቶባሲለስ ዝርያ አይጦችን እንደሚያረጋጋ አሳዩ። የቬገስ ነርቭ ሲቆረጥ ማረጋጋቱ ቀረ።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ወዲያው ፋርማሲ ይሄዳል። እዚያው ኮርክ ግን ያንኑ ጄቢ-1 ለ29 ጤነኛ ወንዶች ሰጥተው በ2017 ውጤቱን አወጡ። መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተሻለ ነገር አልታየም። ስለዚህ "በጥናት ተረጋግጧል" ሲሏችሁ "በአይጥ ነው በሰው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሻጮች የሚወዱት ሌላ ነገር አለ። "90 በመቶው ሴሮቶኒን የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው" ይላሉ። እውነት ነው። ያ ሴሮቶኒን ግን ከአንጀት ወደ አንጎል አይሻገርም። ይህን አይነግሯችሁም።

ቤልጅየም ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ያየ አንድ ጥናት በ2019 ታትሟል። ድባቴ ባለባቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ኮፕሮኮከስ እና ዲያሊስተር የተባሉት ባክቴሪያዎች አንሰው ተገኝተዋል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን ምግብ ይዘጋዋል፣ ከቤት አይወጣም፣ እንቅልፉም ይዛባል። ባክቴሪያው ስላነሰ ነው ድባቴው የመጣው ወይስ ድባቴው ነው ባክቴሪያውን ያሳነሰው? ይህ ገና አልተለየም።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት መለኪያ ይዣለሁ። አንደኛ፣ በሰው ላይ ተፈትኗል ወይ? ሁለተኛ፣ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ወይም የባክቴሪያ ምግብ አንጀት ድረስ ያደርሳል ወይ? ሦስተኛ፣ ለሁለት ወር ስንት ያስወጣል? የአንድ ቀን ዋጋ ያታልላል፤ ጥናቶቹ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት የፈጁ ስለሆኑ ወጪውን በዚያው ልክ አስሉት። አራተኛ፣ በጾም ይሆናል ወይ? ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ፍልሰታም አለች። በጾም የሚቋረጥ ነገር ለብዙዎቻችን ግማሽ አማራጭ ነው። አምስተኛ፣ ጉዳት አለው ወይ?

እርጎና አሬራ

የጣናን ዙሪያ የሚያውቅ እርጎውንም ያውቃል። ከፎገራ ላም የታለበ፣ በወይራ በታጠነ ቅል የረጋ እርጎ ሲፈስ እንኳ ይከብዳል፤ የጭሱ ሽታም ከኮምጣጣው ጋር ይመጣል። ውስጡ ላክቶባሲለስና ላክቶኮከስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በሕይወት አሉ። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራም ሳይሞቅ ከተጠጣ እንዲሁ ነው። ዋጋውም ይቀንሳል። አይብ ግን አሬራው እሳት ላይ ወጥቶ ስለሚሠራ በሕይወት የሚቀረው ባክቴሪያ ጥቂት ነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አትቁጠሩት።

ማስረጃው ምን ይላል? አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አሥር ሳምንት መገባቸው። ግማሾቹ እርጎና ሌሎች በባክቴሪያ የተብላሉ ምግቦችን አበዙ፤ ግማሾቹ አሰር የበዛበት ምግብ በሉ። በ2021 እንደታተመው፣ እርጎውን ያበዙት ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ ዓይነት በዛ፣ ደማቸው ውስጥ 19 የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች ቀነሱ። ጥሩ ዜና ነው። የተለካው ግን ባክቴሪያውና ደሙ ነው፤ ድባቴን ፈወሰ የሚል ውጤት የለውም።

ትልቁ ጥንቃቄ ወተቱ ላይ ነው። ገበያ ላይ እርጎ የሚሸጡ አንዲት እናትን "እማማ፣ ወተቱ ፈልቶ ነው የረጋው?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "የኔ ልጅ፣ የፈላ ወተት በራሱ መች ይረጋል!" አሉኝ። ልክ ናቸው። ወተቱ ሲፈላ የሚያረጋው ባክቴሪያም አብሮ ይሞታል። ለዚህ ነው ገበያ ያለው የባላገር እርጎ አብዛኛው ከጥሬ ወተት የሆነው። ጥሬ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለውን የከብት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል። የእርጎው መኮምጠጥም ሁልጊዜ አይገድላቸውም።

መፍትሔው ቤት ውስጥ ነው። ወተቱን በደንብ አፍሉት። አንድ ጠብታ የእጃችሁ አንጓ ላይ ስትጥሉት ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። ከዚያ ከሱቅ የተገዛ፣ ከፈላ ወተት የተሠራ፣ ስኳር የሌለበት እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። የባላገር እርጎ እንደ እርሾ ካደረጋችሁ የሸሻችሁትን በሽታ መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው። ክዳኑን ገጥሙና አሳድሩት። በሙቀቱ ወራት ቶሎ ይረጋል፤ ክረምት ላይ በጋቢ መጠቅለል ይፈልጋል። የወይራውን ጣዕም የሚወድ ዕቃውን ቀድሞ ማጠን ይችላል። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ እርጎ ይሻላቸዋል፤ ባክቴሪያዎቹ ከወተቱ ስኳር የተወሰነውን ስለሚበሉላቸው።

ስልጆ

በጾም ለሚቸገር ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሱፉ ተፈጭቶ ይጠለላል፤ ጭማቂው ከባቄላ ዱቄት ጋር እንደ ገንፎ ይበስላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት፣ ወይም ካለፈው የተረፈ ስልጆ ይገባበትና ጥቂት ቀን ይቀመጣል። ሲደርስ ፊቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፤ ሽታው አፍንጫ ይይዛል፣ ጣዕሙ ይኮመጥጣል። ዋናው ነገር ከተብላላ በኋላ ዳግም እሳት አለማየቱ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው እንዳለ ገበታ ላይ ይቀርባል። ባቄላው ደግሞ አሰር ይሰጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያመጣ ምግብ ብዙ የለንም።

ስልጆ በቀጥታ ለድባቴ የተፈተነ ምግብ አይደለም፤ ተስፋው ከሌሎች የተብላሉ ምግቦች ጥናት የተወሰደ ነው። ጨው እንዳይበዛበት፣ ሻጋታ የያዘ እንዳይበላ፣ ጨጓራው የሚቃጠል ሰውም በትንሽ እንዲጀምር እመክራለሁ። ሰናፍጩ ይቆጣል።

እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን

እንጀራ የሚቦካው በባክቴሪያና በእርሾ ነው። ምጣዱ ላይ ሲወጣ ግን ይሞታሉ። "እንጀራ ስለምበላ ፕሮባዮቲክ አይጎድለኝም" ማለት አያስኬድም። የእንጀራ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። የጤፍ ፍሬ ደቃቃ ስለሆነ የሚፈጨው ከነገለባው ነው፤ አሰሩም አብሮ ይገባል። የተፈተገ የፎገራ ሩዝ ሲቀላቀልበት እንጀራው ይነጣል፣ ወጪውም ይቀላል፤ አሰሩ ግን ይቀንሳል። ሩዝ ከምታበዙ ማሽላ ወይም ገብስ መቀላቀል ለባክቴሪያዎቹ ይሻላል።

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ። እነዚህ ባክቴሪያ አያመጡም፤ ያሉትን ይመግባሉ። በሰው ላይ ጠንካራ የሚባለው የምግብ ማስረጃም ወደዚህ ዓይነት አመጋገብ ያደላል። አውስትራሊያ ውስጥ ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ድባቴ የያዛቸውን 67 ሰዎች ተከታትሎ በ2017 ውጤቱን አሳትሟል። ግማሾቹ በባለሙያ እየታገዙ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት አዘወተሩ፤ ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር ቀነሱ። ሌሎቹ ሰው እየመጣ ያጫውታቸው ነበር። ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ምግባቸውን ካስተካከሉት 32 በመቶው፣ ከሌላው ቡድን 8 በመቶው ከድባቴው ወጡ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹም ጎን ለጎን ሕክምና ላይ ነበሩ። የኮርክ ተመራማሪዎችም በ2022 የተብላላ ምግብንና አሰርን አጣምረው ለአራት ሳምንት ለጤነኞች ሰጥተዋል። በዚያም ሰዎቹ የሚሰማቸው ውጥረት ቀንሷል።

ብዙ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር፦ ጓያ። ርካሽ ጥራጥሬ ፈልጋችሁ የጓያ ሽሮ እንዳታዘወትሩ። ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ የተጎዳው ነርቭም አይመለስም።

ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው በአንዴ ካበዛ ሆዱ ይነፋል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ባቄላና ሽምብራውን አሳድሮ መዘፍዘፍ ይረዳል።

የፕሮባዮቲክ ክኒን

ውዱ አማራጭ ይህ ነው። ጥሩ ማስረጃም አለው፤ ግን ለተወሰነ ሰው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ድባቴ ያለባቸውን፣ መድኃኒት እየወሰዱ በደንብ ያልተሻላቸውን 49 ሰዎች አጥንቶ ነበር። አሥራ አራት ዝርያ ያለው ፕሮባዮቲክ ለስምንት ሳምንት የተጨመረላቸው ሰዎች ከሌሎቹ የተሻለ መሻሻል አሳዩ። ይህ በ2023 ታትሟል። ልብ በሉ፤ ክኒኑ የተሰጠው ከመድኃኒቱ ጋር ነው፣ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም።

የአንዱ ዝርያ ውጤት ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የዝርያው ሙሉ ስም ከነመለያ ፊደልና ቁጥሩ፣ የባክቴሪያው ብዛት፣ የሚያበቃበት ቀንና የማስቀመጫው ሙቀት መጻፉን እዩ። "ላክቶባሲለስ" ብቻ ብሎ የሚያልፈውን ተዉት። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ የሚል ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያስቀምጡት ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በሚያዝያ ሙቀት መደርደሪያ ላይ የከረመ ክኒን ውስጥ ስንቱ ባክቴሪያ በሕይወት እንዳለ ማንም አያረጋግጥላችሁም። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም።

ጠላ፣ ጠጅና ጫት

ጠላም ጠጅም በመብላላት ነው የሚሠሩት። ነገር ግን አልኮል እንቅልፍን ያዛባል፣ በማግስቱ ጭንቀቱን ያባብሳል፣ ድባቴንም ያከብዳል። ለዚህ ዓላማ ከዝርዝሩ አውጡት። ጫትም እንዲሁ፤ ምርቃናው ሲለቅ የሚመጣው ድብርትና እንቅልፍ ማጣት እርጎ የሚሠራውን ሁሉ ያፈርሳል። ጫት እየቃመ ክኒን የሚገዛ ወዳጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ስለ ጫቱ አነጋግሩት።

እግርና ብስክሌት

ይህ አንጀትን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ግን ነጻ ነው፣ ማስረጃውም ከእርጎው ይበልጣል። እንቅስቃሴ ለቀላልና መካከለኛ ድባቴ እንደሚረዳ ብዙ ጥናት አለ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌቱ አለ፣ የጣና ዳርም አለ። ማለዳ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ ይበቃል።

የጤና ባለሙያ

በሌላው ሁሉ ሳትጀምሩ ይህን የምትጀምሩበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን መከፋት፣ ይወዱት የነበረን ነገር መጥላት፣ ሥራና ትምህርት መተው ከመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የምክር ሕክምናም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ከዚህ ዝርዝር ሁሉ በላይ በሰው ላይ ተፈትነዋል። መድኃኒቱ ለመሥራት ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በራስ ማቆም አይገባም። ጸበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

| አማራጭ | በሰው ላይ ያለ ማስረጃ | የሁለት ወር ወጪ | በጾም | ዋና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| እርጎና አሬራ | ለአንጀት ጥሩ፣ ለድባቴ ገና | መካከለኛ | አይሆንም | ጥሬ ወተት |
| ስልጆ | በቀጥታ አልተፈተነም | ዝቅተኛ | ይሆናል | ጨው፣ ሻጋታ፣ ጨጓራ |
| ጥራጥሬ፣ ጤፍ፣ አትክልት | ከምግቦቹ የተሻለ | ዝቅተኛ | ይሆናል | ቀስ ብሎ መጨመር፣ ጓያ |
| የፕሮባዮቲክ ክኒን | ከመድኃኒት ጋር ተስፋ ሰጪ | ከፍተኛ | ከማሸጊያው ይታይ | ዝርያ፣ ሙቀት |
| እንቅስቃሴ | ጥሩ | የለም | ይሆናል | በአቅም ልክ |
| ምክርና መድኃኒት | ከሁሉም የጠነከረ | ይለያያል | ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ | በራስ አለማቋረጥ |

ለማን የትኛው?

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ያለ፣ ፈተና ያስጨነቀው፣ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ክኒን አያስፈልገውም። ካፌ የሚቀርበውን ሽሮና ምስር አትዝለል፤ ብስኩቱን በቆሎና በሙዝ ለውጥ፤ ማለዳ ተራመድ። አሬራ ካገኘህ ጨምርበት። ስምንት ሳምንት ሞክረው።

ቤተሰብ የምታስተዳድር፣ ውጥረት የበዛባት ሴት ቤት የረጋ እርጎ በፍስኩ፣ ስልጆ በጾሙ ብታደርግ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥባትም። ወጪው ለብቻዋ የሚወጣ አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ ይበላዋል።

ከጭንቀቱ ጋር ሆዱ የሚቆርጠው፣ የሚያስቀምጠው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ይመርመር። አሜባ ወይም ጃርዲያ ከሆነ እርጎ አያድነውም። ሳይመረመሩ በየጊዜው ሜትሮኒዳዞልና አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች አብሮ ይጠርጋል። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ወይም ያልታሰበ ክብደት መቀነስ ካለ አትዘግዩ።

እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጥሬ ወተት የተሠራ ምንም ነገር አይቅመስ። ከፈላ ወተት የተሠራውን ብቻ።

መድኃኒት ጀምሮ ግማሽ የተሻለው፣ ገንዘብም ያለው ሰው ስለ ፕሮባዮቲክ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ክኒኑ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። በስምንት ሳምንት ለውጥ ካላየ ይተወው፤ ብሩን ለምግብ ያውለው።

"ብሞት ይሻላል" የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ካለ ግን ምርጫ የለም። በዚያው ቀን፣ ሰው አብሮት ሆኖ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ አርቁ። ስትሄዱ የሚወስደውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩ፤ ፕሮባዮቲኩንም ጭምር።